ዝናብ ሲመጣ የሚበራ የሞተር መብራት፦ ምክንያቱን ፈልጎ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ሌሊት ዝናብ ጥሎ ያድራል። ጠዋት መኪናው ሲነሳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩስኮቱ ላይ ቢጫው የሞተር ምልክት (ቼክ ኢንጂን) ይበራል። ጋራዥ እስኪደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ኮፈኑ ሥር ያለው ሁሉ ደርቋል፣ መንቀጥቀጡም ቆሟል። መካኒኩ "ምንም የለበትም" ይላል፤ ካልሆነም በግምት ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚፈጥረውን) ይቀይራል። በሚቀጥለው ዝናብ ያው ነገር ይደገማል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፦ ብልሽቱ እርጥብ ሲሆን ብቻ የሚታይ ሆኖ ሳለ ፍለጋው የሚካሄደው በደረቅ ሞተር ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሞተሩን ሆን ብሎ፣ በቦታ በቦታ እያረጠቡ ጥፋተኛውን ማስገደድ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ የሚበረታበት ምክንያት አለው። በደረቁ ወራት ሙቀቱ የካንዴላ ኮፍያዎችንና የሶኬት ጎማዎችን አድርቆ ይሰነጥቃል፣ አቧራው ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ይሞላል። ደረቅ አቧራ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም። የበልግ ዝናብ በመጋቢት፣ የክረምቱ ደግሞ በሐምሌ ሲጀምር ግን ያ አቧራ ጭቃ ይሆናል፤ እርጥብ ጭቃ ደግሞ ያሳልፋል። ሐረር ሙቀቱ ይቀላል፤ ነገር ግን የጀጎል መተላለፊያዎች ስለማያስገቡት ከግንቡ ውጭ ደጅ የሚያድር መኪና ጉምና ጤዛ ስለሚጠጣ ያለ ዝናብም ይህንኑ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

መጀመሪያ፦ የትኛው መብራት ነው?

ቢጫ፣ ሳይቆራረጥ የበራ። በዝግታ መንዳት ይቻላል። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእሱ ነው።

ቢጫ፣ ብልጭ ድርግም የሚል። አንዱ ሲሊንደር ሳይተኩስ እያለፈ ነው ማለት ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያግላል፣ ያቀልጠዋልም። ወዲያው ቤንዚን መስጫውን ያላሉ፤ ደንገጎን (ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን አቀበት) እየወጡ ከሆነ ዳር ይዘው ይቁሙ። "ጫፍ ላይ ስደርስ አየዋለሁ" ማለት ካታሊስት ያስከፍላል።

ቀይ የዘይት ወይም የሙቀት መብራት። ሞተሩን ያጥፉ። ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም በዚህ መመሪያ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ቀይ የባትሪ መብራት፣ ኩሬ ካለፉ በኋላ ከጩኸት ጋር። ቺንጊያው ረጥቦ እየተንሸራተተ ይሆናል፤ ደረጃ 5 ላይ አለ።

ከሁሉም በላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደቻቱን ወይም ሌላ የጎርፍ መውረጃ ሲያቋርጡ፣ መልሰው ለማስነሳት አይሞክሩ። በአየር መሳቢያው የገባ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ አይጨመቅም፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲገፋው የሚታጠፈው ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ነው። መኪናውን አስጎትተው ካንዴላዎቹን አስፈትተው ውሃው ይውጣ።

የሚያስፈልግዎ

• የኦቢዲ ሁለት ስካነር፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ (ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው ርካሹም ይበቃል)
• መልቲሜትር
• ፀጉር ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት የውሃ መርጫ ጠርሙስ
• የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጥቂት የፕላስቲክ ከረጢት
• 10 ቁጥር ቁልፍና የካንዴላ ቁልፍ (በአብዛኛው 16 ወይም 21)
• የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ስፕሬይ (ኮንታክት ክሊነር) እና ሲሊኮን ግሪስ
• ወረቀትና እስክሪብቶ

ለመርጫው የቧንቧ ውሃ ይጠቀሙ። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እስኪሠራ ድረስ ማዕድን ስላለው ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ለዚህ ፍተሻ የሚፈለገውም እሱ ነው። ጨው አይጨምሩበት። ሶኬቶችን ይበላል፣ ዛሬ የሌለ ብልሽት ለከርሞ ያስቀምጣል።

ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር አያድርጉ። ባትሪውን አይንቀሉ፤ ኮዱም፣ ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ የነበረበት ሁኔታም ይጠፋል። ሞተሩንም ላቫጆ ወስደው በግፊት ውሃ አያሳጥቡ። እንዲያውም ብልሽቱ የጀመረው ከእጥበት በኋላ መሆኑን ያስታውሱ እንደሆነ ይጻፉት፤ የግፊት ውሃ ዝናብ የማይደርስበት ሶኬት ውስጥ ይገባል።

ደረጃ 1፦ መቼ እንደሚበራ ይመዝግቡ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

1. ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚተው ከሆነ፦ የካንዴላ ገመድ፣ ኮፍያ፣ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው) ወይም የዲስትሪቢውተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ክዳን ይጠርጥሩ።
2. ኩሬ ሲረግጥ ወዲያው ከሆነ፦ ከሥር ያለ ነገር ነው። የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዋና ዘንግ መዞር የሚያነበው)፣ የኦክስጅን ሴንሰር (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው) ሶኬት፣ ቺንጊያ።
3. ዝናብ ላይ ረጅም ሰዓት ቆሞ ሲነሳ ከሆነ፦ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ ተደፍኖ ውሃው ካንዴላ ጉድጓድ ወይም ጋቢና ውስጥ እየገባ ይሆናል።
4. አቀበት ላይ፣ ሞተሩ ሲጫን ብቻ ከሆነ፦ የእሳት መፍሰስ ነው። ሞተሩ ሲጫን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ካንዴላው ላይ እሳት ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠይቃል። በዚያ ጊዜ እሳቱ ካንዴላውን ትቶ በተሰነጠቀው ኮፍያ ወደ ሞተሩ አካል ይዘላል። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጡት ቆሞ ሲሠራ) ደህና የሚመስል መኪና ደንገጎ ላይ የሚቆራርጠው ስለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ኮዱን ያንብቡ፣ አያጥፉት

1. ቁልፉን ወደ "ኦን" ያዙሩ፣ ስካነሩን ከመሪው ሥር ባለው ባለ16 ቀዳዳ ሶኬት ይሰኩ።
2. የተረጋገጡትን ኮዶች ብቻ ሳይሆን "ፔንዲንግ" የሚባሉትንም ይመልከቱ። ብዙ ብልሽቶች መብራቱን የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲታዩ ነው፤ አንዴ ብቻ የታየው እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል።
3. "ፍሪዝ ፍሬም" የሚለውን ገጽ ፎቶ ያንሱ። የሞተሩ ሙቀት፣ ዙሩና ጭነቱ እዚያ አለ።

መብራቱ ስለጠፋ ኮዱ ጠፍቷል ብለው አያስቡ። በተለመደው የኦቢዲ ሁለት አሠራር መብራቱ ከ3 ንጹሕ ጉዞ በኋላ ይጠፋል፤ ኮዱ ግን 40 ያህል ጊዜ ሞተሩ ቀዝቅዞ እስኪሞቅ ድረስ ማኅደር ውስጥ ይቆያል።

በዝናብ ጊዜ የሚመጡት ኮዶች ጥቂት ናቸው። ፒ0300 ከአንድ በላይ ሲሊንደር መቆራረጡን፣ ፒ0301 እስከ ፒ0304 የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይናገራሉ። ፒ0335 የክራንክ፣ ፒ0340 የካም (የቫልቭ ዘንግ) ሴንሰር መስመር ነው። ፒ0135 የኦክስጅን ሴንሰር ማሞቂያ ነው። ዩ ብለው የሚጀምሩት የኮምፒውተሮች ግንኙነት መቋረጥን ያሳያሉ፤ ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ከመጡ ማሳውን (ኔጌቲቭ ገመዱን) ወይም የረጠበ ኮምፒውተር ይጠርጥሩ።

እዚህ ላይ የሚደረገው ትልቁ ስህተት ኮዱ የጠራውን ሴንሰር ገዝቶ መግጠም ነው። ፒ0335 "የክራንክ ሴንሰር መስመር ላይ ችግር አለ" እንጂ "ሴንሰሩ ሞቷል" አይልም። ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሶኬቱ ወይም ሽቦው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስካነሩ አልገናኝ ካለ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ የቤንዚን መኪና ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኦቢዲ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቶዮታ ላይገናኝ ይችላል። ሶኬቱ ባለ16 ቀዳዳ ከሆነ 4 እና 13 ቁጥር ቀዳዳዎችን በአጭር ሽቦ ያገናኙና ቁልፉን "ኦን" ያድርጉ። ኮፈን ሥር ጥቁር ሳጥን ብቻ ካለው "ቲኢ1" እና "ኢ1" የሚሉትን ያገናኙ። መብራቱ በብልጭታ ይቆጥርልዎታል፦ አንድ ብልጭታ፣ ዕረፍት፣ አራት ብልጭታ ማለት 14፣ የእሳት ምልክት ችግር ነው። 12 እና 13 የሞተር ዙር ምልክት ናቸው። ሳያቋርጥ በፍጥነት ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። 16 ቁጥር ቀዳዳ የባትሪ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሽቦው እንዳይነካው፤ ፊውዝ ያቃጥላል።

ደረጃ 3፦ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ደረቅ ሳለ ይመርምሩ

1. የካንዴላ ገመዶቹን ወይም ቦቢናዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ገመዱን ሳይሆን ኮፍያውን ይዘው እያዞሩ ይሳቡ። ኮፍያው ላይ ነጭ ወይም ግራጫ የተቃጠለ መስመር ካለ እሳት የሚያመልጥበትን አገኙ።
2. በባትሪ ብርሃን ካንዴላ ጉድጓዱን ይመልከቱ። ውሃ ካለ ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት በኮምፕሬሰር አየር ያስወጡት፤ አለበለዚያ ሲፈታ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ዘይት ካለ የቫልቭ ክዳኑ ጎማ አልቋል፤ ዘይቱ ኮፍያውን ያለሰልስና ለውሃ ያጋልጠዋል።
3. ዲስትሪቢውተር ያለው መኪና ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ውስጡን ይዩ። ከአንዱ ነሐስ ወደ ሌላው በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ክዳኑ ይቀየር። መፋቅ ሁለት ሳምንት ያስኬዳል፤ ከዚያ ይመለሳል።
4. የመጥረጊያውን መቀመጫ ይጥረጉ። የድሬዳዋው ከዚራ ሠፈር ዛፎች ጥላ ሥር የሚቆም መኪና እዚህ ይጎዳል። “የድሬዳዋ ዛፍ” የሚባለው ዛፍ ቅጠል በጣም ደቃቅ ስለሆነ በወንፊቱ አልፎ ገብቶ መውረጃውን ይደፍናል። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሰው ከጎማው ኋላ መሬት ላይ መውረዱን ይመልከቱ።
5. በተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ይጫኑ። ከረጠበ ውሃው ወደ ኮምፒውተሩ መንገድ ላይ ነው፤ በብዙ መኪና ኮምፒውተሩ ያለው ከዳሽቦርዱ ኪስ ኋላ ነው።
6. ሽቦዎቹ ላይ በመርፌ የተወጋ ቀዳዳ ይፈልጉ። ቀደም ሲል የፈተሸ ባለሙያ ሽቦውን ወግቶ ለክቶ ትቶት ከሆነ ዝናቡ በዚያ ይገባል፣ መዳቡም ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ሽቦ ነው፤ ለማግኘት በጣት መዳሰስ ይጠይቃል።

ደረጃ 4፦ የውሃ ፍተሻ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። አይቸኩሉ፤ አንድ ሰዓት ይመድቡለት። ቢቻል ሲመሽ ይሥሩት።

ጥንቃቄ። የካንዴላ እሳት ከ20,000 ቮልት በላይ ነው። ሞተሩ እየሠራ ገመድና ቦቢና አይንኩ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው አይቅረብ። ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ ከቺንጊያና ከማራገቢያ ይራቅ። የጋለ የጭስ ማውጫና የኦክስጅን ሴንሰር ላይ ውሃ አይርጩ፤ ይሰነጠቃሉ።

1. መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ ጎማውን በታኮ ይያዙ። ሞተሩን አስነስተው እስኪሞቅ ይጠብቁ።
2. የፊውዝ ሳጥኑን፣ ዲናሞውንና የአየር መሳቢያውን አፍ በፕላስቲክ ይሸፍኑ።
3. መርጫውን በጣም ደቃቅ ጉም እንዲያወጣ ያስተካክሉ። ዥረት ከወጣ ፍተሻው ዋጋ የለውም፤ ሁሉንም በአንዴ ያረጥበዋል።
4. ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወደ ታች ስለሚንጠባጠብ የትኛው እንዳመመው አይለዩም። ቅደም ተከተሉ፦ የክራንክ ሴንሰር ሶኬትና የታችኛው የሽቦ ጥቅል፣ ቀጥሎ መሀል ላይ ያሉ የሴንሰር ሶኬቶች፣ ቀጥሎ የአየር ማስገቢያ ቱቦዎች፣ ቀጥሎ የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ፣ መጨረሻ ቦቢናና የዲስትሪቢውተር ክዳን።
5. እያንዳንዱን ቦታ ከ5 እስከ 6 ጊዜ ረጭተው 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሚኒሞውን ያዳምጡ፤ ስካነሩ ላይ የሞተር ዙሩን ይከታተሉ።
6. ምንም ካልሆነ ቦታውን (ገመድ ወይም ቦቢና ከሆነ ሞተሩን አጥፍተው) በጨርቅ አድርቀው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ሳያደርቁ አይለፉ።
7. ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ ይቁሙ። ያድርቁት፣ እስኪስተካከል ይጠብቁ፣ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ደግመው ይርጩ። ሁለት ጊዜ ከተደገመ አገኙት። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አላገኙትም።

ሲመሽ ከሠሩ ኮፈን ሥር ሌላ መብራት አያብሩ። እሳት የሚያመልጥ ከሆነ ሰማያዊ ብልጭታ ያያሉ፤ "ጠቅ ጠቅ" የሚል ድምፅም ይሰማል።

የአየር ቱቦ ላይ ሲረጩ ሚኒሞው ከተለወጠ ቱቦው ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ነበር፤ ውሃው ለቅጽበት ደፍኖታል። ይህ የኤሌክትሪክ ችግር ባይሆንም ከፒ0171 ኮድ (ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ማነሱን የሚናገር) ጋር አብሮ ከመጣ መብራቱን ያበራው እሱ ሊሆን ይችላል።

ሚኒሞ ላይ ምንም ካልታየ። ሞተሩን መጫን ያስፈልጋል። መብራትና ኤሲ አብርተው ረዳትዎ ዙሩን ወደ 2,500 ከፍ ያድርግ፤ እርስዎ እየረጩ ይመልከቱ። አውቶማቲክ ከሆነ ረዳቱ የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ "ዲ" ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ብቻ በቀስታ ይጫነው፤ ከመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አይቁም፣ እርስዎም ከጎን ይሁኑ። አሁንም ዝም ካለ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ በእጅዎ ቀስ አድርገው ያወዛውዙ (የካንዴላውንና የቦቢናውን ሳይሆን የሴንሰሮቹን)።

ቦቢናን ከቦቢና መለየት። ኮዱ ፒ0301 ካለ ሞተሩን አጥፍተው የ1ኛውን ቦቢና ከ3ኛው ጋር ያለዋውጡ፣ ከዚያም እንደገና ያርጥቡ። ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ በደረቁ የተለዋወጠ ቦቢና ምንም አይነግርዎትም። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከሄደ ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላው፣ ሶኬቱ ወይም ሽቦው ነው።

ደረጃ 5፦ ያገኙትን ያስተካክሉ

የካንዴላ ገመድ። በመልቲሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ። ቶዮታ ለአንድ ገመድ የሚፈቅደው እስከ 25 ኪሎ ኦም ነው። አንዱ ከተበላሸ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀይሩ፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው። ልኬቱ ደህና ሆኖ የውሃ ፍተሻውን ከወደቀም ይቀየር፤ መልቲሜትር የውጭውን ልባስ ስንጥቅ አያይም።

ኮፍያ። ከውስጥ ከንፈሩ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሲሊኮን ግሪስ ቀብተው ይግጠሙ። ለኩሽኔታ የሚሆነውን ተራ ግሪስ አይቀቡ፤ የነዳጅ ዝርያ ስለሆነ የኮፍያውን ጎማ ያሳብጠዋል።

ካንዴላ። የክፍተቱ ልክ መኪናው መጽሐፍ ላይ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በ0.8 እና 1.1 ሚሊ ሜትር መካከል ነው። ያረጀና ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ ደህና ኮፍያንም ያስጨንቃል። መጀመሪያ በእጅ ያስገቡ፤ በቁልፍ ከጀመሩ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላሉ።

ሶኬት። ኮንታክት ክሊነር ነፍተው በአየር ያድርቁ። በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ ልባሱ ተነስቶ ቶሎ ይዝጋል። የጎማ ቀለበቱ ካለቀ ከተጣለ ሶኬት ላይ ነቅለው ይተኩ። ሶኬቱን በናስትሮ ጠቅልሎ መተው የተለመደ ነው፣ ግን ውሃ ከመከልከል ይልቅ የገባውን ይዞ ያስቀራል። የተወጋ ሽቦ ካለ አረንጓዴውን ቆርጠው ያስወግዱ፣ በስታኞ በይደው ሙቀት የሚያጣብቀው ቱቦ ያልብሱት።

ማሳ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ። ከ0.1 ቮልት ብዙ ከበለጠ ገመዱን ፈትተው መቀመጫውን እስኪያበራ ያጽዱ፣ መልሰው ያጥብቁ። ከኔጌቲቭ እስከ ቦዲም ይድገሙት።

ቺንጊያ። በባትሪው ላይ 13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። ቺንጊያው ላይ ውሃ ሲረጩ ጩኸት መጥቶ ቮልቱ ወደ 12 ከወረደ ይጥበቅ፤ ገጹ ካብረቀረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር። ሳሙና መቀባት ለዕለቱ ዝም ያሰኘዋል፣ በማግሥቱ የባሰ ያንሸራትተዋል።

የናፍጣ መኪና ከሆነ

ሃይሉክስ፣ ሃይሩፍ ወይም አይሱዙ የናፍጣ ከሆነ ካንዴላ ስለሌለው አብዛኛው ከላይ ያለው አይመለከተውም። ዝናብ ሲመጣ የሚበራው ብዙውን ጊዜ የናፍጣ ፊልትሮው የውሃ መብራት ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ያስቀምጡ፣ የታችኛውን ማፍሰሻ ጥቂት ያላሉ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ይጫኑ። ውሃው ቀድሞ ይወጣል፤ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ይዝጉና ፓምፑ እስኪጠጥር ይጫኑ። በሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ውሃው ያለው ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ውስጥ ነው፤ ከበርሜልና ከጀሪካን መቅዳቱንም ይመርምሩ።

ደረጃ 6፦ መዳኑን ያረጋግጡ

1. አሁን ኮዱን ያጥፉ።
2. ያስተካከሉትን ቦታ በብዛት ያርጥቡ፣ ሚኒሞ ላይ 5 ደቂቃ ይተውት።
3. ሌሎቹን ቦታዎችም እንደገና ይርጩ። የረጅም ዘመን አቧራ የሰበሰበ መኪና ላይ ሁለት የሚያፈስ ቦታ መገኘቱ አዲስ አይደለም።
4. አቀበት ላይ ይሞክሩት። ከድሬዳዋ ደንገጎ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ2,000 በላይ ስለሚወጣ ከዚህ የተሻለ ፈታኝ የለም። ሐረር ያለ ሰው ወደ ባቢሌ ወርዶ ሲመለስ ያለውን አቀበት ይጠቀም።
5. ሲመለሱ ፔንዲንግ ኮዶችን ያንብቡ። መብራቱ ባይበራም ፒ0301 ፔንዲንግ ላይ ከተቀመጠ ሥራው አላለቀም።

ያው ኮድ ተመልሶ ከመጣ ፍሪዝ ፍሬሙን ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ያስተያዩ። ሙቀቱና ጭነቱ ከተመሳሰለ ያስተካከሉት ቦታ ትክክል አልነበረም፤ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። ከተለያየ ሁለተኛ ብልሽት ነው። ውሃውም፣ ጭነቱም፣ ማወዛወዙም ምንም ካላመጣ ወደ አውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሂዱ፤ ግን በዝናብ ቀን፣ መኪናውን ከዋዜማው ጀምሮ ደጅ አሳድረው፣ ሞተሩን ሳያሞቁ። ሩቅ ከሆነ አስጎትተው ይውሰዱት፣ ሁለቱን ፎቶዎችና የደረጃ 1ን ወረቀት ይስጡት፣ ሽቦ እንዳይወጋም ይንገሩት።